የእንጦጦ ዳገትና የልብ ምት መለኪያ

ከቀበና ድልድይ ተነሥቶ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን አድርጎ ወደ እንጦጦ የባሕር ዛፍ ጫካ የሚወጣ ሯጭ በአንድ ጉዞ ውስጥ ሦስት ነገሮች ይለዋወጡበታል፤ የመሬቱ ተዳፋት፣ የሚተነፍሰው አየርና የሰውነቱ ሙቀት። ቀበና ከባሕር ጠለል በላይ በ2,400 ሜትር አካባቢ የሚገኝ ሠፈር ሲሆን፣ የእንጦጦ ተራሮች ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ወንዙ በመሬት ስበት የሚወርደውን ይህን የ600 ሜትር ልዩነት ሯጩ በገዛ ጡንቻው ይወጣዋል። ገና ጎሕ ሳይቀድ በዚህ አቅጣጫ ከሚወጡት ወጣቶች መካከል አንዳንዶቹ የልብ ምት የሚያሳይ ሰዓት በእጃቸው ያስራሉ። ብዙዎቹ ግን የላቸውም፤ የሌላቸውም ያላቸውን ሲያዩ አንድ ምስጢር የቀረባቸው ሊመስላቸው ይችላል።

ለመሆኑ ይህ መሣሪያ ለሩጫ ሥልጠና ይጠቅማልን? ጥያቄው የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ከገጠር መጥቶ በየካ ወይም በኮተቤ አንዲት ክፍል ከጓደኞቹ ጋር ተከራይቶ ለሚለማመድ ጀማሪ፣ የአንድ ጥሩ ሰዓት ዋጋ የብዙ ወራት የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ከሚል አጭር ቃል ያለፈ ማብራሪያ ይገባዋል።

አንዳንዶች ጥያቄውን በታሪክ ሊዘጉት ይሞክራሉ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ ማሞ ወልዴ በ1968 በሜክሲኮ ከተማ የማራቶን ባለድል ሲሆን፣ ምሩጽ ይፍጠር በ1980 በሞስኮ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያገኝ፣ ሯጭ እየሮጠ የሚያነበው ገመድ አልባ የልብ ምት መለኪያ ገና ለገበያ አልቀረበም ነበር። ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ መሣሪያው አይጠቅምም ማለት፣ አበበ በሮም በባዶ እግሩ ስለሮጠ ጫማ አይጠቅምም እንደማለት ነው። አበበ ራሱ ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጧል፤ የገባበትም ሰዓት 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ነበር። ታላላቆቹ ያለ መሣሪያ ማሸነፋቸው የሚያስረዳን ነገር ቢኖር መሣሪያው ግዴታ አለመሆኑን ብቻ ነው። ጠቃሚ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ግን በመጀመሪያ የሚለካውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

የልብ ምት ምን ይነግረናል?

ጀርመናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አዶልፍ ፊክ እ.ኤ.አ. በ1870 ባቀረበው መርሕ መሠረት፣ ሰውነት በአንድ ደቂቃ የሚጠቀምበት ኦክስጅን የሦስት ነገሮች ብዜት ነው፤ የልብ ምት፣ በእያንዳንዱ ምት የሚገፋው የደም መጠን፣ እንዲሁም ሕዋሳት ከእያንዳንዱ ሊትር ደም ላይ የሚወስዱት ኦክስጅን። ነገሩን ከወንዝ በእንስራ ውኃ በሚቀዳ ቤተሰብ ልንመስለው እንችላለን። በቀን ለቤቱ የሚደርሰው ውኃ በምልልሱ ብዛት ብቻ አይወሰንም። የእንስራው ስፋትና ከእንስራው ውስጥ በእርግጥ ለሥራ የዋለው መጠንም አለ። የልብ ምት መለኪያ የሚቆጥረው ምልልሱን ብቻ ነው። እንስራውን አያይም።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሥልጠና የሌለው ጎልማሳ በዕረፍት ላይ ሳለ ልቡ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል እየመታ በእያንዳንዱ ምት 70 ሚሊ ሊትር ደም ቢገፋ፣ በደቂቃ ወደ 5 ሊትር ይደርሳል። ለዓመታት የሠለጠነ ሯጭ ግን ያንኑ 5 ሊትር በ45 ምትና በ110 ሚሊ ሊትር ሊያሟላው ይችላል። እንስራው ስለሰፋ ምልልሱ ቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህም ሁለት ሯጮች ጎን ለጎን ሆነው አንዱ 150፣ ሌላው 170 ቢያነቡ፣ ባለ 150ው የበለጠ ብርቱ ነው ብሎ ለመደምደም የሚያበቃ መረጃ የለንም። ቁጥሩ ትርጉም የሚያገኘው ከዚያው ሰው የትናንትናና የባለፈው ወር ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ነው።

መሣሪያው እንዴት ይሰማል?

ሐኪሞች ትርታን በሰዓት መቁጠር የጀመሩት ከሦስት መቶ ዓመታት በፊት ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ፍሎየር ለአንድ ደቂቃ ብቻ የሚሄድ የትርታ መቁጠሪያ ሰዓት አሠርቶ ስለ አጠቃቀሙ እ.ኤ.አ. በ1707 መጽሐፍ አሳትሟል። የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት በትክክል ለመመዝገብ ያስቻለውን መሣሪያ በሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ የሠራው ሆላንዳዊው ቪለም አይንቶቨን ሲሆን፣ ለዚሁ ሥራው በ1924 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። የእርሱ መሣሪያ ግን ክፍል የሚሞላ ነበር። ሯጭ ሊሸከመው የሚችለው ዓይነት የመጣው ከፊንላንድ ነው። በኡሉ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክስ ምሁር የነበሩት ሴፖ ሳይናያካንጋስ በ1977 ፖላር የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ፤ ኩባንያውም በ1982 በደረት ማሰሪያና በእጅ ሰዓት የሚሠራውን የመጀመሪያውን ገመድ አልባ መለኪያ ለገበያ አቀረበ።

የደረት ማሰሪያው አሠራር ከአይንቶቨን መርሕ አይለይም። ልብ በምትኮማተርበት ቅጽበት በቆዳ ላይ አንድ ሚሊ ቮልት ያህል የኤሌክትሪክ ልዩነት ይፈጠራል፤ በማሰሪያው ላይ ያሉት ሁለት ኤሌክትሮዶች ይህን ተቀብለው ወደ ሰዓቱ ያስተላልፋሉ። ማሰሪያው በላብ ወይም በውኃ ከረጠበ አስተማማኝ ነው። በቅርብ ዓመታት የተስፋፉት በእጅ አንጓ ላይ ብቻ የሚታሰሩት ሰዓቶች ግን የኤሌክትሪክ ምልክት አይሰሙም። አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልካሉ፤ ደም አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚውጥ፣ በእያንዳንዱ ምት የደም ሥሮች ሲሞሉና ሲጎድሉ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን በጥቂቱ ይዋዥቃል። ሰዓቱ የሚቆጥረው ይህን ውዝዋዜ ነው።

በእንጦጦ ንጋት ላይ ይህ ዘዴ ሁለት ችግሮች ያጋጥሙታል። የመጀመሪያው ብርድ ነው። ሰውነት ሙቀቱን ለመጠበቅ በእጅ ላይ ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ስለሚያጠብብ፣ ሰዓቱ የሚፈልገው ውዝዋዜ ይደበዝዛል። ሁለተኛው እርምጃ ነው። ብዙ ሯጮች በደቂቃ ከ170 እስከ 180 ጊዜ ይረግጣሉ፤ እጅም በዚያው ልክ ይወዛወዛል። የልብ ምትም በዚያው አካባቢ ስለሚሆን ሰዓቱ ልብን ትቶ እግርን ሊቆጥር ይችላል። በቀላል ሩጫ ላይ ድንገት 176 ያሳየ ሰዓት ምናልባት እርምጃ እየቆጠረ ይሆናል።

የቆዳ ቀለምስ? ጥቁር ቆዳ ብርሃንን የበለጠ ስለሚውጥ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በተለይም በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት በሆስፒታል የሚሠራበት የደም ኦክስጅን መለኪያ በጥቁር ሕሙማን ላይ ትክክለኛውን መጠን አጋንኖ እንደሚያሳይ ካመለከተ ወዲህ። የልብ ምትን በሚመለከት ግን በዚያው ዓመት የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ባላቸው 53 ሰዎች ላይ ሰዓቶችን ሲፈትሹ፣ በቀለም ምክንያት የመጣ ጉልህ የስሕተት ልዩነት አላገኙም። ስሕተቱን የጨመረው የሰውነት እንቅስቃሴ ነበር። ቆዳችንን ሳይሆን ብርዱንና ውዝዋዜውን መጠርጠር ይበጃል ማለት ነው።

ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ

ሰዓቱን የገዛ ሰው ወዲያው የሚጠየቀው ዕድሜውን ነው። ሰዓቱ ከ220 ላይ ዕድሜውን ቀንሶ ከፍተኛ የልብ ምቱን ይገምታል፤ ከዚያም ሥልጠናውን በመቶኛ እየከፋፈለ «ቀላል»፣ «መካከለኛ»፣ «ከባድ» ይለዋል። ይህ ቀመር በየስፖርት መጽሐፉ ስለሚገኝ የተፈጥሮ ሕግ ይመስላል። ምንጩ ግን በ1971 ፎክስና ባልደረቦቹ ባወጡት ጽሑፍ ላይ ያለ ግምታዊ መስመር ነው፤ በ2002 የቀመሩን ታሪክ የመረመሩት ሮበርግስና ላንድዌር በጥናት ተፈትሾ የተመሠረተ አለመሆኑን አሳይተዋል። በ2001 ታናካና ባልደረቦቹ 351 ጥናቶችንና 18,712 ሰዎችን አጠቃልለው ሌላ ቀመር አቅርበዋል፤ ይኸውም ከ208 ላይ የዕድሜን 0.7 እጥፍ መቀነስ ነው። ይህኛው የተሻለ አማካይ ይሰጣል። አማካይ ግን አማካይ ነው፤ የግለሰቦች ልዩነት ከ10 ምት ያላነሰ መደበኛ ልይይት አለው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንይ። ሁለት የ20 ዓመት ወጣቶች አሉ እንበል። ቀመሩ ለሁለቱም 200 ይሰጣቸዋል፤ አሠልጣኛቸውም ከ160 ሳታልፉ ሩጡ አላቸው። የአንደኛው እውነተኛ ከፍተኛ ምት 212፣ የሁለተኛው ደግሞ 185 ቢሆን፣ 160 ለመጀመሪያው 75 በመቶ፣ ለሁለተኛው 86 በመቶ ይሆናል። አንዱ እያወራ ይሮጣል፤ ሌላው ለውድድር የሚቀርብ ልፋት ይለፋል። ሁለቱም «ቀላል ሩጫ» ብለው ይመዘግቡታል።

ፊንላንዳዊው ካርቮኔን በ1957 ያስተዋወቀው ስሌት ከዚህ ይሻላል፤ የዕረፍትን ምት ስለሚያስገባ። ከፍተኛው 195፣ የዕረፍቱ 50 የሆነ ሯጭ በመካከሉ 145 ምት «መጠባበቂያ» አለው፤ የዚህ 70 በመቶ 101 ያህል ነው፤ በ50 ላይ ሲደመር 151 ይሆናል። ይሁንና ይህም ቢሆን ከፍተኛው ምት በእውነት ተለክቶ ካልተገኘ ስሕተቱን ተሸክሞ ይሄዳል። ከፍተኛውን ምት የሚያገኙት በደንብ አሟሙቀው፣ ጤናማ ሆነው፣ ለጥቂት ደቂቃዎች በሙሉ ኃይል ዳገት በመሮጥ ነው እንጂ የልደት ወረቀት በማየት አይደለም።

ዳገቱና ቁልቁለቱ

አሁን ወደ ተራራው እንመለስ፤ የመሣሪያው ጥቅምና ጉድለት ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው እዚያ ነውና።

60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሯጭ 600 ሜትር ከፍታ ሲወጣ በስበት ላይ የሚሠራው ሥራ ክብደቱ፣ የስበት ፍጥነትና ከፍታው ሲባዙ 353 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ጡንቻ ከምግብ ከሚያገኘው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩብ ያህሉን ብቻ ስለሆነ፣ ሰውነቱ በእውነት የሚያወጣው ወደ 1,400 ኪሎ ጁል፣ ማለትም 340 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሆናል። በደልዳላ መሬት መሮጥ በግምት ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት በኪሎ ሜትር አንድ ኪሎ ካሎሪ ስለሚፈጅ፣ ይህ ሯጭ በዳገቱ ምክንያት ብቻ ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ ተጨማሪ ርቀት እንደሮጠ ይቆጠራል። ርቀትና ፍጥነት ብቻ የሚያሳይ ሰዓት ይህን አያውቅም፤ «ዛሬ ዘገምተኛ ነበርክ» ይለዋል። የልብ ምት ግን ያውቀዋል። እዚህ ላይ መሣሪያው እውነተኛ ጥቅም አለው። በአቃቂ ዝቅተኛና ሞቃት ሜዳ፣ በሰንዳፋ አስፋልትና በእንጦጦ ጫካ የተሮጡ ሦስት ሩጫዎችን በኪሎ ሜትር ደቂቃ ማወዳደር አይቻልም፤ በልብ ምት ግን ቢያንስ በግምት ይቻላል።

አየሩም አለ። በቀበና የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ በእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ሦስት አስረኛ ገደማ ይቀንሳል። ኦክስጅን በሁለቱም ቦታ ከአየሩ 21 በመቶ ነው፤ የሚሳሳው አየሩ ራሱ ነው። (በእንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ የሕዋ መመልከቻ ጣቢያ የተተከለው ቀጭን አየር የከዋክብትን ብርሃን ስለማያደናቅፍ ነው፤ ሥነ ፈለክ ተመራማሪውና ሯጩ ተራራውን የወደዱት ለአንድ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።) ከቆላ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለዚያው ፍጥነት ልቡ የበለጠ ትመታለች፤ ከፍተኛው ምቱ ግን ከፍታው ሲጨምር ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ከጋምቤላ ወይም ከድሬዳዋ ለትምህርት አዲስ አበባ የገባ ተማሪ የትውልድ ቦታውን ቁጥሮች ይዞ እንጦጦን ቢወጣ፣ ቁጥሮቹ ያታልሉታል።

በደጋ ተወልዶ ያደገውስ? ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው አምባራስ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሯል። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት ደግሞ 95.3 በመቶ ነበር። ይህ በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም አይለይም። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ሲል፣ በቲቤት ያሉት ደግሞ የኦክስጅን ሙሌታቸው ዝቅ ሲል ታይቷል፤ የአምባራሶቹ ግን ሁለቱንም አላሳዩም። የተመረመሩት የመንደር ነዋሪዎች እንጂ ሯጮች አልነበሩም፤ ስለዚህ የሯጮቻችንን ድል በዚህ መተርጎም አይገባም። ለጉዳያችን ግን አንድ ነገር ያስተምራል፤ ለቆላ ሰው የተዘጋጀ የከፍታ ማስተካከያ ሠንጠረዥ ለደገኛ ሰው ይሠራል ብሎ መገመት አይቻልም።

ዳገት መውጣቱ ሌላ ጣጣም አለው፤ ልብ ወዲያው አትከተልም። ጡንቻ ኃይል የሚፈልገው በቅጽበት ሲሆን፣ የልብ ምት ከአዲሱ ልፋት ጋር ተስማምቶ እስኪረጋ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። ለሠላሳ ሰከንድ ዳገት በኃይል ወጥቶ እየተመለሰ የሚደጋግም ሯጭ ሰዓቱን ቢያይ፣ ከላይ ሲደርስ ዝቅተኛ ቁጥር፣ መውረድ ሲጀምር ደግሞ ከፍተኛ ቁጥር ያነባል። ለእንዲህ ዓይነቱ ልምምድ መሣሪያው አይረባም ብንል አላጋነንም።

ከዚህም የከፋው ቁልቁለቱ ነው። ጣሊያናዊው አልቤርቶ ሚኔቲና ባልደረቦቹ በ2002 እንዳሳዩት በደልዳላ መሬት ለአንድ ኪሎ ግራም በሜትር 3.4 ጁል ያህል የሚፈጀው ሩጫ፣ 20 በመቶ በሚሆን ቁልቁለት ላይ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ልብም ታርፋለች፤ ሰዓቱ «ቀላል» ይላል። ነገር ግን በቁልቁለት የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል፤ ጡንቻን ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳውም እንዲህ ያለው ሥራ ነው። ከእንጦጦ ወደ ቀበና ያለ ልክ እየፈጠነ የወረደ ጀማሪ ሕመሙን የሚያውቀው በማግሥቱና በሠልስቱ ደረጃ ሲወርድ ነው። በመዝገቡ ላይ ግን ያ ግማሽ ሰዓት ከሳምንቱ ሁሉ የቀለለው ሆኖ ይቀመጣል። የልብ ምት የሳንባንና የልብን ልፋት እንጂ የጡንቻን፣ የጅማትንና የአጥንትን ጫና አይለካም፤ ብዙ ጀማሪዎችን ከሥልጠና የሚያስወጣቸው ደግሞ ይኸኛው ነው።

ሌሎችም ምክንያቶች ቁጥሩን ያዛቡታል። በረጅም ሩጫ ፍጥነት ሳይለወጥ ምቱ ከሰዓት በኋላ ከ10 እስከ 20 ሊጨምር ይችላል፤ ላብ የደሙን ፈሳሽ ስለሚቀንስና ደም ወደ ቆዳ ስለሚሄድ እንስራው ይጠባል፤ ምልልሱም ይበዛል። በጾም ወራት ውኃ ሳይጠጣ የሚሮጥ ሰው ይህ ፈጥኖ ይደርስበታል። ቡናና የእንቅልፍ እጦትም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። በጨለማ ጫካ ውስጥ የጅብ ድምፅ የሰማ ሯጭ የልብ ምት ደግሞ ስለ ሥልጠናው ምንም አይናገርም።

በሰልፉ ጭራ ያለው ሯጭ

በአገራችን ሩጫ የቡድን ሥራ ነው። ብሪታንያዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ማይክል ክራውሊ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ በአዲስ አበባ ከሯጮች ጋር ኖሮና ሮጦ በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ደጋግሞ የሚያነሣው ይህንን ነው። ሯጮቹ አንዱ ከሌላው እግር ሥር እየረገጡ በሰልፍ በዛፎቹ መካከል ይጠማዘዛሉ፤ ፍጥነቱን የፊተኛው ይወስናል፤ ብቻውን መሮጥ ለጤና እንጂ ለውጤት አይበቃም ተብሎ ይታመናል። ይህ ልማድ ትልቅ ጥቅም አለው። ሰልፉ ያልበሰለውን ይጎትታል፤ ያለ መሣሪያም የፍጥነት ስሜትን ያስተምራል።

የልብ ምት መለኪያ ደግሞ ከተፈጥሮው የግለሰብ መሣሪያ ነው፤ ሁለቱ የሚጋጩትም እዚህ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች በሰልፍ «ቀላል» ሲሮጡ፣ ለመሪው በእርግጥ ቀላል ነው። ከሁለት ወር በፊት ለገባው ለመጨረሻው ልጅ ግን ያው ፍጥነት የውድድር ያህል ሊሆን ይችላል። ልጁ አያማርርም፤ ወደ ኋላ መቅረት ያሳፍራልና። ከባዱ ቀን ለእርሱ ከባድ ነው፤ ቀላሉም ቀን ከባድ ነው። በእኛ አስተያየት መሣሪያው በኢትዮጵያ ሯጮች ዘንድ እውነተኛ ቦታ የሚያገኘው በዚህ ልጅ እጅ ላይ ነው እንጂ በሻምፒዮኑ እጅ ላይ አይደለም፤ ሻምፒዮኑ ልኩን በዓመታት ልምምድ ያወቀ ነውና።

ቀላሉ ቀን ቀላል መሆን እንዳለበት የሚያመለክት ማስረጃም አለ። በስፔን እስቴቬ ላናዎና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ 12 ብርቱ ሯጮች በሁለት ቡድን ተከፍለው ለአምስት ወራት በልብ ምት መለኪያ ቁጥጥር ሠለጠኑ። የአንደኛው ቡድን አባላት ከሥልጠና ጊዜያቸው 80 በመቶ ያህሉን በቀላል ልፋት እንዲያሳልፉ፣ የሌላው ቡድን አባላት ደግሞ ቀላሉን ወደ 67 በመቶ ቀንሰው መካከለኛውን ልፋት እንዲጨምሩ ተደረገ። እጅግ ከባዱ ክፍል ለሁለቱም እኩል ነበር። በመጨረሻ በ10.4 ኪሎ ሜትር ውድድር የመጀመሪያዎቹ ሰዓታቸውን በአማካይ በ157 ሰከንድ፣ ሁለተኛዎቹ በ122 ሰከንድ አሻሻሉ። አሥራ ሁለት ሰው ትንሽ ነው፤ ስፔንም እንጦጦ አይደለም። ነገር ግን ውጤቱ የሚጠቁመው አቅጣጫ ግልጽ ነው፤ ብዙ የለፋው ሳይሆን ልፋቱን የለየው ይበልጥ ተሻሻለ። መሣሪያው በዚያ ጥናት ላይ የሠራው ሥራም ሯጮቹን ማፍጠን አልነበረም፤ በቀላሉ ቀን እንዳይፈጥኑ መያዝ ነበር።

በጣት መቁጠር

ይህ ሥራ ደግሞ ያለ ሰዓትም ሊሠራ ይችላል። በቀላሉ ቀን ዳገት ላይ ሆኖ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጥ መናገር የቻለ ሯጭ ከልኩ አላለፈም። በሁለት ቃል መካከል ትንፋሽ የሚያነሣ ከሆነ ግን አልፏል፤ መንገዱ በጣም ከተዳፋ መራመዱ ነውር የለበትም።

ቁጥር ለሚፈልግ ሁለት ጣትና ሰከንድ ቆጣሪ ያለው ማንኛውም ሰዓት ይበቃዋል። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ በእጅ አንጓ ላይ ለ60 ሰከንድ መቁጠርና በደብተር መጻፍ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የራስን ልማድ ማየት ይቻላል። አንድ ቀን ጠዋት ቁጥሩ ከተለመደው በ8 ወይም በ10 ከፍ ካለ ምክንያት አለው። የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር የልብ ምት በ10 ያህል ይጨምራልና፣ ወባም ሆነ ጉንፋን ገና በደንብ ሳይሰማ በዚህ ሊጠረጠር ይችላል። በትኩሳት ላይ ሆኖ መሮጥ የልብን ጡንቻ ለብግነት ሊያጋልጥ ስለሚችል፣ በዚያን ቀን ከሰልፉ መቅረት የግድ ነው። በሩጫ ላይ የደረት ውጋት፣ ድንገተኛ ራስን መሳት ወይም ሥርዓት የለቀቀ ምት ያጋጠመው ሰው ደግሞ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት፤ የስፖርት ሰዓት የሐኪምን ቦታ አይተካም።

ከሩጫ በኋላ ሲቆጠር ፍጥነት ያስፈልጋል። ልብ ከቆሙበት ቅጽበት ጀምሮ ወዲያው ስለምትረጋጋ፣ ለ10 ሰከንድ ብቻ ቆጥሮ በ6 ማባዛት ይሻላል። አንድ ምት መሳት በደቂቃ የ6 ምት ስሕተት እንደሚያስከትል ማስታወስ ነው። በአንገት ላይ የሚቆጥር ሰው አጥብቆ አይጫን፤ በዚያ ያለው የደም ሥር ሲጫኑት ልብን ያዘገያልና ቁጥሩንም ያበላሻል፣ ሊያዞርም ይችላል።

መሻሻልን ለማወቅ እንደ ጃን ሜዳ ያለ ደልዳላ መስክ ይመረጥ። በወር አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ የቀኑ ክፍል፣ ሳይደክሙና ሳይጠሙ፣ የተወሰነ ርቀት በተወሰነ ሰዓት ሮጦ ወዲያው መቁጠር ነው። በጥር 28 የነበረው የ10 ሰከንድ ቁጥር በሚያዝያ 26 ከሆነ፣ ያው ሥራ በደቂቃ በ12 ምት ያነሰ ልፋት ተሠርቷል፤ እንስራው ሰፍቷል ማለት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግን ለዚህ መለኪያ አይመቹም። ጭቃ እግርን ስለሚይዝ ለዚያው ፍጥነት ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል፤ በክረምት ከፍ ያለው ቁጥር የሯጩን መዳከም አያሳይም። ዝናቡ ሲያቆምና መሬቱ ሲደርቅ፣ በመስከረም መጨረሻ ገደማ፣ አዲስ መነሻ ቁጥር መውሰድ ይሻላል።